የፀሐይ መሐረብ

«እጇ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዕድሜዋም ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ስንሰበሰብ ራሴ እነግራታለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ምድር ቤት ትውረድና መጋዘኑን ትጥረግ።»

ተናጋሪው የቤተ ሙከራው ኀላፊ ነበር። ሰሚዋ ደግሞ ከስሱ የእንጨት ግድግዳ ወዲህ፣ በጠባቧ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እጇን በነጭ ካፖርቷ እጅጌ አስገብታ ሁለተኛውን ለማስገባት የተሰናዳች መሐንዲስ ናት። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ ሌላ ድምፅ፣ የማድረቂያ ምድጃዎቹን የሚቈጣጠረውና ባልደረቦቹ «ምድጃው» የሚሉት ቀልደኛ ሰው ድምፅ፣ «እሷ ከወረደች መስተዋቱን ማን ሊያጥብልን ነው?» ሲል ተሰማ። «ማንም ያጥበዋል፤ መስተዋት ማጠብ ምን ጥበብ አለው?» አለ ኀላፊው። ከዚያም ሁለቱ ሰዎች ድምፃቸውን ሳይለውጡ ስለ ሽንኩርት መወደድ ማውራት ቀጠሉ። ክፉ ነገር ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም፤ አንዳንዴ በሻይ ብርጭቆና በሽንኩርት ዋጋ መካከል እንደ ቤተኛ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ይገኛል። መሐንዲሷን ከሁሉ በላይ የከነከናት ግን ፊት ለፊት «እርስዎ» የሚላቸውን ሴት ከግድግዳ ጀርባ «እሷ» ማለቱ ነበር። ሰውን ከቦታው ለማንሣት የሚፈልግ አስቀድሞ ከአክብሮቱ ያነሣዋል።

ሴትዮዋ መስተዋት አጣቢ ናቸው። በቤተ ሙከራው ያለው ሰው ሁሉ «እማማ መስተዋት» ይላቸዋል። የቤተ ሙከራው ሥራ ለማያውቀው ሰው ተራ ቀለም መቀባት ይመስላል፤ ከጥፍር እምብዛም በማይበልጥ መስተዋት ላይ ከብረት ኦክሳይድ የተሠሩ፣ በዐይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶችን ባለሙያዎቹ ያነጥፋሉ፤ በዚያ ላይ ብርሃን የሚጠጣ ቅብ፣ በዚያም ላይ ሌላ ቅብ፣ በመጨረሻም ስስ ብረት ይደርባሉ። ነገሩ ሲሰምር ያች ቁራሽ መስተዋት የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ጭንቁ ቅቦቹን መሥራቱ አይደለም፤ አንዱን ከሌላው ማስማማቱ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ወለል ላይ የማትታይ እድፍ ከገባች ላይኛው ታችኛውን አልቀበልም ይላል። ባለፉት ወራት የሆነውም ይኸው ነበር። ፈሳሹ በሚሽከረከረው መስተዋት ላይ ጠብ ሲል እንደ ወትሮው በመዘርጋት ፈንታ ከየቦታው እየሸሸ፣ የደረቀው ቅብ ፈንጣጣ የዳበሰው ፊት መሰለ። ኤሌክትሪክ መስጠቱስ ይቅርና፣ በጥፍር ነካ ሲያደርጉት እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራው ሳቅ ቀነሰ፤ ሁሉም የገዛ ሥራውን ሳይሆን የጎረቤቱን ይመረምር ጀመር።

ጥርጣሬ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በቤተ ሙከራው ደግሞ ከመስተዋት አጣቢዋ ዝቅ ያለ ወንበር አልነበረም። ባለፈው ስብሰባ ኀላፊው «ከእጥበቱ ይሆናል» ሲል ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መሐንዲሷም ነቀነቀች። አሁን ያ መነቅነቋ ትዝ ሲላት አንገቷ ላይ እንደ ጕንዳን ወረራት። ካፖርቷን ለብሳ ቍልፎቹን እስከ ላይ ቈልፋ በቀጥታ ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄደች።

ማጠቢያው ክፍል መስኮት የለውም። በአንድ ወገን ረጅም የብረት ገንዳ፣ በሌላው ወገን የተጣራ ውሃ የተሞሉ በርሜሎች አሉ፤ በመካከሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ሦስተኛው ተመልሶ ይወጣል። እማማ መስተዋት ከገንዳው ፊት ቆመው፣ ትንንሾቹን መስተዋቶች በወረንጦ ጠርዝ ጠርዛቸውን እየያዙ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ያሻግራሉ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ?»

«እንደ መስተዋቱ ነኝ። ብታጠብ፣ ብታጠብ፣ አልጸዳ አልኋቸው።»

«ሰምተዋል ማለት ነው?»

«ይህ ግድግዳ እኮ ወረቀት ነው፣ ልጄ። ደግሞ ዛሬ አይደለም የሰማሁት። አፌን ይዤ እጄን ስመረምር ከረምሁ።»

ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉላት። መዳፋቸው በበጋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቶቻቸው መጋጠሚያ ላይ ቀያይ መስመሮች ይታያሉ። «ቅባት ከተውሁ ቈየሁ» አሉ። «እዚህ ብቻ መስሎሻል? ቤቴም ሆኜ አልነካም፣ ለዚህ መስተዋት ብዬ። የልጅ ልጄን ጀርባውን ሳሻሸው ‹አያቴ፣ አትፈግፍጊኝ› ይለኛል።» ይህን ሲሉ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን ከጕሮሯቸው በታች አልወረደም። ያለ ጥፋታቸው የሚወቀሱ ሰዎች ይህ መከራ አለባቸው፤ ወቃሻቸው ከሚመረምራቸው ይልቅ ራሳቸውን አብዝተው ይመረምራሉ።

«እማማ፣ አንድ የታጠበ መስተዋት ይስጡኝ» አለች መሐንዲሷ። «ነገሩን ከእርስዎ ጋር ከመጀመሪያው ልጀምረው።»

እስካሁን ሁሉም የሚመለከተው የመጨረሻውን ቅብ ነበር፤ ጠባሳው የሚታየው እዚያ ነውና። መስተዋቱ ግን እዚያ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ በሳሙና ይታጠባል፣ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል፣ በአልኮል ይነከራል፣ በጋዝ ትንፋሽ ይደርቃል፣ በክዳን ውስጥ ያድራል። በጨረር የሚያጸዳው መሣሪያ ተበላሽቶ መለዋወጫ መጠበቅ ከጀመረ ወዲህም ከመቀባቱ በፊት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይወለወላል። መሐንዲሷ በዚህ መንገድ ላይ በየደረጃው ቆማ አንዳንድ የውሃ ጠብታ ለማንጠባጠብ አሰበች። ንጹሕ መስተዋት ውሃን ይወዳል፤ ጠብታው እንደ ወረደ ይዘረጋበታል። ቅባት የነካው መስተዋት ግን ውሃን ይገፋል።

የእማማ መስተዋትን እጥበት ስትፈትነው ጠብታዋ መስተዋቱን እንደ ነካች ተዘረጋች፤ አልጋ ላይ እንደ ተነጠፈ አንሶላ እስከ ጠርዙ ደረሰች። ከአልኮሉ በኋላ ተዘረጋች። ከደረቀም በኋላ፣ ትናንት ታጥቦ በክዳን ባደረው ላይም እንዲሁ ተዘረጋች። አሮጊቷ ከትከሻዋ በላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። መሐንዲሷ ከመሳቢያው መሐረብ አወጣች፤ አልኮል አጠጣችው፤ መስተዋቱን እንደ ዘወትሩ በአንድ አቅጣጫ ወለወለችው፤ ከዚያ አንጠባጠበች። ጠብታዋ አልተዘረጋችም። ትከሻዋን ሰብስባ፣ ክብ ሆና፣ እንደ ዶቃ ቆመች።

«መሐረቡ ነው!» አሉ እማማ መስተዋት እጃቸውን አጨብጭበው። «ይኸው በዐይኔ አየሁት፤ መሐረቡ ነው! እልል በይ እንጂ!» ከዚያ የመሐንዲሷን ፊት አዩና እጃቸው ወረደ። «ምነው? ሰው የሞተብሽ መሰልሽ እኮ።»

«እማማ፣ መሐረቡን የሰፉት አማቴ ናቸው።»

«መሐረብ» የሚለው ስም ራሱ ከቤት የመጣ ነበር። ብናኝ የማይተወው፣ ተቈርጦና ታሽጎ የሚመጣው የመጥረጊያ ጨርቅ ከገበያ ሲጠፋ፣ ኀላፊው የዚያኑ ዐይነት ጨርቅ በጣቃ አስመጣ፤ መቍረጡም በመሐንዲሷ ላይ ወደቀ። አንድ ቅዳሜ ጣቃውን ቤቷ ወስዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በመቀስ ስትታገል፣ አማቷ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቷትና በመጨረሻ አላስችል ቢላቸው፣ «ሙሽራዬ፣ ጨርቁ ምን በደለሽ?» አሏት። ካገባች ብዙ ዘመኗ ቢሆንም እሳቸው ዛሬም «ሙሽራዬ» ነው የሚሏት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ያለበት ሕንፃ ሲፈርስ የስፌት መኪናቸውን ብቻ አስጭነው ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ልጃቸው ግን ለመንገድ ሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ስለሚል፣ በቤቱ የቀሩት ምራትና አማት ናቸው። በመካከላቸው ክፉ ነገር ገብቶ አያውቅም፤ ደግ ነገርም በወጉ አልተነገረም። እሳቸው እንዳላስቸግራት ብለው ዝም ይላሉ፤ እሷ እንዳልደፍራቸው ብላ ዝም ትላለች። የመጨረሻዋ ቁራሽ ዳቦ ሁለቱ ሲጋበዙባት ሳትበላ ደርቃ ታድራለች። አክብሮትም ከመጠን ሲያልፍ ከርቀት የሚለየው ነገር ጥቂት ነው።

ያን ቅዳሜ መቀሱን ከእጇ ተቀበሉ። መቍረጥ ብቻ አልበቃቸውም፤ «ጠርዙ ያልተቀመቀመ ጨርቅ ከእጄ አይወጣም፤ ሰው ምን ይለኛል?» ብለው መኪናቸውን ከማዕዘን ጎትተው አወጡ። ጨርቁ ለምን እንደሚሆን ጠየቋት፤ የፀሐይን ብርሃን የሚቀበል መስተዋት እንደሚወለወልበት ነገረቻቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው የፀሐይ መሐረብ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶች በደረጃው ላይ ሲያገኟቸው «ምን እየሠሩ ነው፣ አባባ?» ካሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ፀሐይ አፍንጫዋን የምትጠርግበት መሐረብ እየሰፋሁላት ነው።» ጢማቸውን ደንበኛ እንደሚጠብቅ ሰው በየጧቱ መላጨት ጀመሩ። ጀርባቸው ቀና አለ። የተቀመቀመው መሐረብ ክር ስለማያፈስ በቤተ ሙከራውም ተወደደ፤ መሐንዲሷ ቤቷ አሰፍታ እንዳመጣችው እየተናገረች በኵራት ለሁሉም አሳየች።

ነገር ግን ጨርቁ አንሸራታች ነበርና ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራቸው። እሳቸው አልተናገሩም፤ እሷ ግን የደከመ ዐይናቸውን አጥብበው መርፌውን ደግመው ደጋግመው ሲያሾልኩ አየች፤ አንጀቷን በላት። የስፌት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብታ ብትጠይቅ፣ ሻጩ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰጣት፤ «ክሩን በዚህ ዘይት ያሳልፉት፤ ቅቤ ነው የሚሆንላቸው» አላት። በጠርሙሷ ላይ «ሲሊኮን» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር፤ አንብባዋለች። በቤተ ሙከራ ያን ቃል ብታይ እጇን እንደ እሳት በሰበሰበች ነበር፤ በአልኮል የማይታጠብ፣ ሲወለወል የባሰ የሚሰራጭ የቅቦች ሁሉ ጠላት መሆኑን የምታስተምረው እሷ ራሷ ናት። በሱቁ ውስጥ ግን ምራት እንጂ መሐንዲስ አልነበረችም። ሰው ዕውቀቱን እንደ ካፖርቱ መሥሪያ ቤት ሰቅሎ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር ይደርስበታል። ሽማግሌው ጠርሙሷን ተቀብለው በሁለት እጃቸው አገላበጧት፤ ከእሷ የተቀበሉት የመጀመሪያው ስጦታ ነበርና። ያን ቀን ራት ሲበሉ ሁለት ጊዜ ሣቁ።

ይህ ሁሉ ትዝ ሲላት፣ ለማረጋገጥ ከመሐረቡ የቅምቅማቱን ክር መዝዛ በንጹሕ መስተዋት ላይ ጫን አደረገችው፤ ጠብታዋ ዶቃ ሆነች። ከቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ከጣቃው የተረፈውን ያልተሰፋ ጨርቅ አውጥታ ሞከረች፤ ጠብታዋ ተዘረጋች። ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም ነበር። አሮጊቷ ወገባቸውን ይዘው አዳመጧት፤ ጠርሙሷን ማን እንደ ገዛት ሳትሸሽግ ነገረቻቸው።

«እንግዲህ እኔ የማንንም ጥፋት አዝዬ ምድር ቤት አልወርድም» አሉ እማማ መስተዋት። «ይህን ዕወቂልኝ።»

«አይወርዱም፣ እማማ።»

«ሽማግሌውን ግን እንዳታስደነግጪያቸው። ወንድ ልጅ ሲያረጅ እንደዚህ መስተዋት ነው፤ ሲወድቅ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ስብርባሪው ግን አይለቀምም።»

ከሰዓት በኋላ ስብሰባው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደረገ። እማማ መስተዋት ውሳኔ ሊነገራቸው ስለ ተጠሩ በሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ወንበር ጥቂት ፈንጠር ብላ በተቀመጠች ወንበር ላይ እጃቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል። ኀላፊው ጕሮሮውን ሲጠርግ መሐንዲሷ ቀድማ ተነሣች፤ ሁለት መስተዋት ከፊቱ አኑራ አንዱን በመሐረቡ ወለወለች፤ በሁለቱም ላይ ውሃ አንጠባጠበች። አንደኛዋ ጠብታ ተዘረጋች፤ ሁለተኛዋ ቆመች። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ተነሥተው አንገታቸውን አስግገው አዩ። «እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ መስተዋቱን ስንጠርግ ሳይሆን ቅባት ስናሻሸው ነው የከረምነው!» አለ ምድጃው። ማንም አልሣቀለትም።

ኀላፊው መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጫፍ ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መቸኰል ክፉ ያስመሰለው ሰው ነው። «መልካም» አለ። «ምክንያቱ ተገኝቷል። የጨርቁ ነጋዴ የተበከለ ጨርቅ ሸጠልን ብለን ጕዳዩን እንዘጋዋለን።»

«ነጋዴው ምን አደረገ?» አለች መሐንዲሷ።

«ነጋዴ ነው እኮ! በዚህ የሚጎዳ አይመስለኝም። አንቺም ቤትሽን እዚህ አታምጪብን፤ ሁላችንም የምንገላገልበት መንገድ ነው።»

መንገዱ በእርግጥ ሰፊና ምቹ ነበር። ሽማግሌው ምንም ሳይሰሙ መሐረባቸውን በሰፉ፣ እሷም ወደ መሥሪያ ቤት ወሰድሁ እያለች በየመንገዱ በጣለችላቸው ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል በዚህ መንገድ ላይ ቆመች፤ ማንም ከዚህ ፈተና ንጹሕ ነኝ አይበል። ነገር ግን በር አጠገብ የተቀመጡትን ሴት እጆች አስታወሰች። አንዱን ንጹሕ ለመፍታት ሌላውን ንጹሕ ማሰር ፍርድ አይደለም፤ ገመዱን ከአንድ አንገት ወደ ሌላ አንገት ማዛወር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አንሥታ፣ ማን እንደ ሰፋ፣ ዘይቱን ማን እንደ ገዛ፣ ያን ቃል አንብባ እንዴት እንዳለፈችው፣ እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው።

«እማማ» አለ ኀላፊው፣ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው እያየ፤ «እንግዲህ... ነገ ወደ ቦታዎ ይመለሱ።»

«ቦታዬን መቼ ለቀቅሁ?» አሉ እማማ መስተዋት። «የለቀቁት እርስዎ ነዎት፤ ይመለሱ እንጂ።» በዚህ ጊዜ ኀላፊው ቀና ብሎ አያቸው፤ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ፤ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። አሮጊቷም ወንበራቸውን ጎትተው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

መሐንዲሷ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ መስኮቱን ይዛ ቃላት ትመርጥ ነበር። ከእንግዲህ ጨርቁ በጋለ ስለት ይቈረጥ ተብሏል፤ ጠርዙን ሙቀቱ ራሱ ስለሚያቀልጠው ስፌት አያስፈልገውም፤ የስፌት መኪናዋም ዘይቱን ጠጥታለችና ብትጸዳ እንኳ አትታመንም። ይህን በምን ቋንቋ መንገር ይቻላል? ደረጃው ላይ ያገኘቻት ጎረቤት ቅርጫቷን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እያዛወረች፣ «አባባ ዛሬም መኪናቸውን ሲያንጣጡ ዋሉ፤ ፀሐይ ምነው እንዲህ ጕንፋን በዛባት?» ብላ ሣቀች። መሐንዲሷም ለመሣቅ ሞከረች። በራቸው ጋ ስትደርስ ከውስጥ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጥቂት ይሮጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይሮጣል። ቍልፉን በእጇ ይዛ ሳትከፍት ረጅም ጊዜ ቆመች።

ስትገባ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከጎናቸው የተጣጠፉ መሐረቦች ተከምረዋል፤ የምሽት ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ በነጩ ክምር ላይ አርፏል።

«ሙሽራዬ፣ ዛሬ ፊትሽ ያልተተኰሰ ልብስ መስሏል።»

«አባባ፣ መኪናዋን ያቁሟትና ያዳምጡኝ።»

አቆሙና አዳመጧት። ስለ ክሩ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ጠባሳው ቅብ፣ ስለ አጣቢዋ፣ ስለ ጋለው ስለትም ነገረቻቸው፤ አንዱንም አላሳመረችም። ሽማግሌው ዐይናቸውን ከእጃቸው ላይ አላነሡም። በጣታቸው ያለውን ቍራጭ ክር እያጠቀለሉ፣ እየፈቱ፣ እንደገና እያጠቀለሉ ቆዩ። ያ ዝምታ የለመዱት ዝምታ አልነበረም፤ የለመዱት የሚያልፍ ነበር፣ ይህ ግን ተቀመጠ።

«ሴትዮዋስ?» አሉ በመጨረሻ።

«በቦታቸው ናቸው፣ አባባ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ይህን ሁሉ ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ነው የኖሩት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው፣ «ሰው ሳለብስ ያረጀሁ ሰው፣ አንዲት ሴት አራቆትሁ ማለት ነው።»

«ጠርሙሷን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ምን ያውቁ ነበር? ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«መርፌውን የያዝሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ደውይላቸው።»

ደወለች፤ እሳቸውም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው ቍልፉን ቈለፉ፤ ማንም ባያያቸውም ቆመው ነበር የተናገሩት።

«እመቤቴ፣ መሐረቡን የሰፋሁት ሰው ነኝ። በእኔ እጅ ስለ ደረሰብዎ ነገር ይቅርታዎን ልለምን ነው የደወልሁት።»

«ኧረ እግዜር ይቅር ይበለን!» አለ የእማማ መስተዋት ድምፅ፤ ከበስተኋላቸው ሕፃን ይንጫጫል። «ይልቅስ ስፌትዎ ሲያምር! ‹አንዱን ልስረቅ› ብዬ ሁለት ጊዜ ሰይጣን ፈትኖኛል። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይቺ ልጅ ጠዋት ከእኔ ጋር ሳለች ‹አማቴ ናቸው የሰፉት› አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ቆማ፣ ‹አባቴ ናቸው፤ አባቴን በክፉ የሚያይ ካለ እኔን ይይ› አለች። እንግዲህ የትኛው ነዎት?»

ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ዞሩ። እሷ ወለሉን ታይ ነበር፤ ጆሮዋ ቀልቷል።

«አባቷ ነኝ» አሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኮታቸውን አውልቀው በወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀሉት፤ መሐረቦቹን ሰብስበው ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «እንግዲህ ፀሐይ እንደ ልማዷ በእጅጌዋ ትጥረግ» አሉ። ቀጥሎም ከፊታቸው ያለውን ወንበር በጣታቸው አሳዩዋት። «ነይ፣ ተቀመጪ። ልቈጣሽ ነው።»

«ይቈጡኝ፣ አባባ።»

«ከበሩ ውጭ ቆመሽ እንደ ነበር ያልሰማሁ መሰለሽ? እግርሽን እኮ ዐውቀዋለሁ! አባት ያለው ሰው በገዛ በሩ ላይ እንደ ለማኝ ይቆማል? የመጣ ነገር ቢመጣ ገብቶ ይናገራል እንጂ! ይኸውልሽ ደግሞ፣ ካነሣሁት አይቀር፣ ወጥ ስትሠሪ ጨው ታሳንሺያለሽ። ስንት ዘመን ዝም አልሁ! ያንን ካፖርትሽንም እንዲያ ጠቅልለሽ ቦርሳ ውስጥ አትወርውሪው፤ ጨርቅ ነፍስ የለውም ያለሽ ማን ነው? ልጄም ቢሆን ይደውል፤ እሱንም የምለው አለኝ...»

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ ከጎረቤት ወገን አንድ ሰው ግድግዳውን አንኳኳ፤ እሳቸው ግን አልሰሙትም። እሷ በወንበሯ ላይ አንገቷን ደፍታ፣ እጇን በጕልበቷ መካከል ሰብስባ፣ አንዲት ቃል ሳትመልስ፣ ቍጣው ቶሎ እንዳያልቅ እየተመኘች አዳመጠቻቸው።